መጠጥና ጤና፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረን ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ አትቀምስም» ብሎ ቤት መዝጋት። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ የሚያደርጉት የሚወዱት ሰዎች ናቸውና። አልኮል አንጎልን ያፈዛል። አንጎልም መፍዘዙን ለመቋቋም ራሱን ማነቃቃት ይለምዳል። መጠጡ ድንገት ሲቋረጥ ያን መነቃቃት የሚገታው ይጠፋል። በ6 ሰዓታት ገደማ እጅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይፈጥናል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ የሚጥል በሽታ ነክቶት የማያውቅ ሰው ሊጥለው ይችላል። ዲሊሪየም ትሬመንስ የምንለው፣ ሰው የሌለ ነገር የሚያይበትና የሚደናገርበት የከፋው ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን፣ ቤተሰብ «አሁንስ ለቀቀው» ማለት ሲጀምር ነው።

እግራቸው ተሰብሮ የተኙ አንድ አባት ነበሩ። ሲገቡ «ይጠጣሉ?» ብንል ልጆቻቸው ለክብራቸው ብለው «ኧረ በጭራሽ!» አሉ። በ3ኛው ሌሊት ከአንሶላው ላይ የሌለ ጉንዳን በጣታቸው እየለቀሙ ወለሉ ላይ ያራግፉ ጀመር። የገዛ ልጃቸውን አላወቋትም። ቀድመን ብናውቅ እንደ ዳያዜፓም ያለ አንጎልን የሚያረጋጋ መድኃኒት ጀምረን ቀስ በቀስ እየቀነስን እናሻግራቸው ነበር። ቫይታሚን ቢ1ም በመርፌ እንሰጥ ነበር፤ ብዙ በሚጠጣ ሰው ላይ እሱ ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ መስቀል በቢ1 እጥረት የተጎዳን አንጎል ሊያባብስ ይችላል። እባካችሁ ለሐኪም ስለ መጠጥ አትዋሹ። ማቆም ይቻላል፤ በሕክምና ክትትል ይሁን።

የሰከረን ሰው «ይተኛበት» ብሎ በጀርባው ጥሎ መሄድ። ብርጭቆውን ካስቀመጠ በኋላም ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ደሙ መግባቱን ይቀጥላል፤ ተኝቶም ስካሩ ሊብስ ይችላል። ቢያስመልሰው ደግሞ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጎኑ አስተኙት፣ አጠገቡ ሁኑ። ስትቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወዲያው ሕክምና ቤት ውሰዱት፤ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ቡናና ቀዝቃዛ ሻወር ስካር አያበርዱም።

«እኔ ቢራ ብቻ ነው የምጠጣው።» 5 በመቶ አልኮል ያለው ግማሽ ሊትር ቢራ 20 ግራም ገደማ አልኮል ይዟል። 40 በመቶ የሆነ 50 ሚሊ ሊትር ውስኪ 16 ግራም ገደማ ነው። ደምሩት።

«ብዙ ጠጥቼም አልሰክርም።» አንጎል ለመደ እንጂ ጉሮሮ፣ ጉበትና ጡት አልለመዱም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የአልኮል መጠጥን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው።

ለእንቅልፍ ብሎ መጠጣት፦ ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊቱን ግን ይሰባብረዋል።

«ጉበቴን አሞኝ አያውቅም» ማለትም አያዋጣም። ጉበት እየተጎዳ ለዓመታት ዝም ሊል ይችላል። ስብ ብቻ የያዘው ጉበት መጠጥ ከቆመ በሳምንታት ውስጥ ማገገም ይጀምራል። ስለዚህ የምትመረመሩት ዓይናችሁ ቢጫ ሳይሆን፣ ሆዳችሁም ውሃ ሳይቋጥር ይሁን።