የቧንቧ ውሃ የሚጥለውን የኖራ ቅርፊት ከቤት ዕቃ እንዴት ማስወገድ ይቻላል?

የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያዎ ከቀድሞው ዘግይቶ የሚፈላ፣ ሲሞቅም ጎላ ያለ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ክዳኑን ከፍተው ታቹን ይመልከቱ። ነጭ ወይም ወደ ቡናማ የሚያደላ ሻካራ ቅርፊት ካዩ፣ የሚጠቀሙበት ውሃ “ጠንካራ ውሃ” የሚባለው ዓይነት ነው፤ ማለትም በኖራ ድንጋይና በመሰል አለቶች ውስጥ ሲያልፍ ያሟሟቸውን የካልሲየምና የማግኒዚየም ማዕድናት ተሸክሞ መጥቷል። ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ማዕድናቱ ሟምተው ስለሚቆዩ አይታዩም። ሲሞቅ ግን ካልሲየም ባይካርቦኔት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ወደማይሟሟ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጥና ማሞቂያው ብረት ላይ ይጋገራል። ይህን ውሃ መጠጣት ጉዳት የለውም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለጤና ሲባል የጥንካሬ ወሰን አላስቀመጠለትም። የሚጎዳው ዕቃውን ነው። ቅርፊቱ ሙቀት በቀላሉ ስለማያሳልፍ ብረቱ ሙቀቱን ለውሃው ማስረከብ ያቅተውና ራሱ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል።

ከማጽዳትዎ በፊት ቆሻሻው በእርግጥ ኖራ መሆኑን ይለዩ። ከቅርፊቱ ጥቂት ፈርፍረው በሳህን ላይ ያኑሩና አቼቶ ጠብ ያድርጉበት፤ ኖራ ከሆነ ወዲያው ትንንሽ አረፋ እያወጣ ይንሿሿል፣ ዝገት ከሆነ ግን ዝም ይላል። የውሃውን ጥንካሬ በግምት ለማወቅ ደግሞ በጠርሙስ ትንሽ ውሃ ይቅዱ፣ ከተራ ደረቅ ሳሙና ጥቂት ፍቀው ይጨምሩና በደንብ ይነቅንቁት። አረፋው ቶሎ ከጠፋና ውሃው ከደፈረሰ ጠንካራ ነው። ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ የሚሸጡት ፈሳሽና የዱቄት ሳሙናዎች በጠንካራ ውሃም ስለሚያረፉ ለዚህ ሙከራ አይሆኑም። ልኬቱ በላቦራቶሪ ከተሠራ፣ በካልሲየም ካርቦኔት መጠን ሲሰላ በሊትር እስከ 60 ሚሊግራም ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከዚያ በላይ ያለው በጣም ጠንካራ ይባላል።

ማፍያውን ለማጽዳት አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለው ቅርፊቱ እስኪሸፈን ድረስ ይጨምሩ። እስኪሞቅ ብቻ ያብሩት፤ ከፈላ አረፋው ገንፍሎ ይፈስሳል፣ ሽታውም ቤቱን ይሞላዋል። ከዚያ ሶኬቱን ነቅለው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይተዉት። ሲደፉት አብዛኛው ኖራ አብሮ ይወጣል፤ የቀረውን በለስላሳ ስፖንጅ ያብሱ፣ ቀጥሎም ንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አፍልተው ይድፉ። የአቼቶ ሽታ የማይወዱ ከሆነ በአንድ ሊትር ለብ ባለ ውሃ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ (በሎሚ ውስጥ የሚገኘው አሲድ ዱቄት) ያሟሙ። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ሽታ የለውም። ይህም ቢሆን መፍላት የለበትም፤ በከፍተኛ ሙቀት ካልሲየም ሲትሬት የተባለ ሌላ ዝቃጭ ሊፈጠር ይችላል። ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ ሥራውን ይድገሙት እንጂ በቢላዋ ወይም በብረት መፈግፈጊያ አይፋቁት፤ የተጫረ ብረት ቀጣዩን ኖራ ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል።

አቼቶንም ሆነ ሌላ አሲድ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማው የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ውሃው በቀጭኑ ለሚረጨው ሻወር፣ በፕላስቲክ ከረጢት አቼቶ ጨምረው የሻወሩ ራስ እንዲነከር አድርገው ከረጢቱን በክር ይሰሩት፤ ሽፋኑ እንዳይበላሽ ከአንድ ሰዓት አያስበልጡ። የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በመርፌ ይክፈቱ። አሲዱ እብነ በረድ ላይ ከፈሰሰ ድንጋዩን ይበላዋል፤ ጎሚኒዎችንም (የጎማ ማሸጊያዎችን) ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፍ ያደርቃቸዋል።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ቦይለሩ ነው፣ ምክንያቱም ውስጡ አይታይም። ሲሞቅ እንደ ፈንዲሻ የሚንጣጣ ድምፅ ካሰማ፣ በታቹ የተጠራቀመው የኖራ ዝቃጭ ሥር የታፈነ ውሃ እየፈላ ነው ማለት ነው። ኖራ የሚጋገርበት ፍጥነት ከሙቀቱ ጋር ስለሚጨምር መቆጣጠሪያውን 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማድረግ ይበቃል፤ ቁጠባ ነው ብሎ ከ50 በታች ማውረድ ግን ሌጂዮኔላ ለተባለው ባክቴሪያ መራቢያ ሊያመቻችለት ይችላል። ዝቃጩን ለማስወጣት ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ ያጥፉ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ የመግቢያውን ውሃ ይዝጉ፣ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተው አየር ያስገቡና በማፍሰሻው በኩል ያንጠፍጥፉት። ኤሌክትሪኩን መልሰው የሚያበሩት በርሜሉ ዳግም ከሞላ በኋላ ነው፤ ማሞቂያው ብረት ያለ ውሃ ከበራ ወዲያው ይቃጠላል። ክዳኑን ከፍቶ ብረቱን ማጽዳትና ከዝገት የሚከላከለውን የማግኒዚየም ዘንግ መቀየር የባለሙያ ሥራ ነው።

ልብስ ማጠቢያ ማሽን በ30 ወይም በ40 ዲግሪ ሲሠራ ኖራ የሚይዘው በጣም ጥቂት ነው። የሳሙናውን መጠን በማሸጊያው ላይ ለጠንካራ ውሃ በተጻፈው ልክ ያድርጉ። የእንፋሎት ካውያ ውስጥ አቼቶ ከማፍሰስ ይልቅ፣ መመሪያው ከፈቀደ፣ ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ይጨምሩ።

ውሃውን ከምንጩ ማለስለስ ለሚፈልግ፣ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ወስዶ በምትኩ በገበታ ጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም የሚሰጠው ማለስለሻ በትክክል ይሠራል፤ በቧንቧ ላይ የሚታሰሩት ማግኔቶች ግን ውጤታቸው አስተማማኝ ሆኖ ስላልተረጋገጠ ገንዘብ ባይወጣባቸው ይሻላል። ማለስለሻው ሲገጠም የማብሰያና የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበት አንድ ቧንቧ ሳይለሰልስ እንዲቀር ያድርጉ፤ በተለይ ከቤተሰቡ ጨው እንዲቀንስ የታዘዘ ሰው ካለ።