ዕጣ የደረሳት እናት፣ ሰፈር ያጣች ልጅ፦ የወጣቶች ልብ ወለድ አጻጻፍ

ባይተዋር ስለሆነች ልጅ የሚጻፍ ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጸሐፊው ክፉ ሰው ፍለጋ ሲወጣ ነው፦ እንጀራ እናት፣ ተሳዳቢ መምህር፣ የሀብታም ልጅ። ባይተዋርነት ያለ ክፉ ሰውም ይመጣል። የሚያንገበግበው ደግሞ ለቤተሰቡ የምሥራች በሆነ ነገር ሲመጣ ነው። መነሻው ይህ ይሁን፦ እናቷ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደረሳት። ቤቱ አዲስ አበባ ዳር፣ የካ አባዶ ነው፤ የኖሩበት የቀበሌ ቤት መሃል ከተማ፣ አራት ኪሎ። ግቢው በእልልታ ሲቀልጥ ልጅቷ ምን ብላ ታልቅስ?

ዕድሜዋ 16፣ ክፍሏ 10ኛ ይሁን። 9ኛ ክፍል ሁሉም ለሁለተኛ ደረጃ አዲስ ስለሆነ ብቸኝነቷ አይጎላም። 10ኛ ላይ ግን ወንበሩ ተይዟል፣ ቅጽል ስሙ ወጥቷል። መሸኛዋን ይዛ ኅዳር ላይ ብትገባ የጥናት ቡድኑ ሁሉ ሞልቶ ትርፍ ትሆናለች። አዲሱ ዩኒፎርም እስኪሰፋ ሁለት ሳምንት በድሮው አቆዩአት። በሰልፍ መሃል በሹራቧ ቀለም የምትለይ ልጅ “ብቸኝነት ተሰማኝ” ማለት አያስፈልጋትም። ይህ ዓረፍተ ነገር ረቂቃችሁ ውስጥ ካለ ሰርዙት፤ በምትኩ የእረፍቱን 15 ደቂቃ ሙሉ፣ ያልጠፋ እስክሪብቶ ቦርሳዋ ውስጥ ስትፈልግ አሳዩን።

ለመጠኑ 20 ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ 1,800 ቃል ያህል፣ በድምሩ 36,000 ይበቃል። አማርኛ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አንድ ግስ ውስጥ ስለሚያጭቅ፣ ለእንግሊዝኛ መጻሕፍት የሚነገረውን የቃላት ልክ አትከተሉ። ለድሮው ሰፈር ከሦስት ምዕራፍ በላይ አትስጡ፤ ከረዘመ ትዝታ ብቻ ይሆናል።

መሃሉ ላይ፣ ምዕራፍ 10 እና 11 አካባቢ፣ ወደ አራት ኪሎ መልሷት። የታክሲ ሳንቲም አጠራቅማ፣ መገናኛ ላይ ቀይራ ትምጣ። የቀበሌው ቤት ተመልሶ ለሌላ ቤተሰብ ተሰጥቷል፤ በሩ ላይ የማታውቀው መጋረጃ ተንጠልጥሏል። የአዲሶቹ ተከራዮች ልጅ ከባለታሪኳ የልብ ጓደኛ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጣ በዚያው በድሮ ቀልድ ትስቃለች። ይህ ትዕይንት ከሌለ አንባቢዋ “ለምን አትመለስም?” እያለች ትቀራለች። በችኮላ አትለፉት፤ ሁለቱንም ምዕራፍ ይብላ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጸሐፊ መካሪ አዋቂ ያስገባል። አታስገቡ። ምክር ሳይሆን ሥራ ስጧት። ኮንዶሚኒየም በዕጣ ስለሚደርስ የአንድ ብሎክ ነዋሪ ከየሰፈሩ የመጣ ነው፤ እርስ በርሱ መተዋወቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ለቅሶ ላይ ነው። ብሎኩ ሥር ድንኳን ተተክሎ፣ ውኃ በጀሪካን እስከ አራተኛ ፎቅ ስትመላለስ፣ አንዲት የዕድር ሴት ስሟን ትጠይቃት። ስሟን ብቻ።

ማሳረጊያው ከተራና ጥምቀት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጥር 10 እና 11 ከመንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ ጋር ይቀራረባሉ። የሰፈር ወጣቶች ታቦት ለማጀብ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ዓይነት ቲሸርት ያሠራሉ። ጃንሜዳ የሚወርዱት የድሮ ጓደኞቿ ዝርዝር ላይ ስሟ የለም፤ የአዲሱ ሰፈር ዝርዝር ላይም የለም። ሁለቱንም ቲሸርት አትስጧት። በአንዱ ዝርዝር ላይ ዘግይታ ስሟን ራሷ ትጻፍ፤ ልኩም ሰፊ ሆኖ ይምጣ።

ንግግሩ ላይ ዘንድሮ የወጣ የአራዳ ቋንቋ አታብዙ፤ መጽሐፉ ሳይታተም ያረጃል። “ፋራ” እና “ሙድ መያዝ” ግን ዘመን ተሻግረዋል፤ ለዚህ ታሪክ ደግሞ ልክ ናቸው። እናቷ ስታቆላምጣት “አንተ” ትበላት፣ ስትቆጣ ወደ “አንቺ” ትመለስ። ከማብራሪያ ይልቅ ይህ መቀያየር ቤቱን ያሳያል።

ረቂቁን ከ14 እስከ 16 ዓመት ላሉ ሦስት ሴት ልጆች ስጡ። “ወደዳችሁት?” አትበሉ፤ ሰው ፊት ሁሉም ይወዳል። ማንበብ ያቆሙበትን ገጽ በእርሳስ ያመልክቱ። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ካቆሙ ያንን ገጽ ከመነካካት ይልቅ ከእሱ በፊት ካለው ምዕራፍ ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ የደከመው እሱ ነው።