ባልጩት ፈላጊዎች፣ እባካችሁ እናት ድንጋዩን አትወርውሩት

ድሬዳዋ ዙሪያ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያ ፍለጋ የሚወጣው ወጣት በዝቷል። ደስ ይላል። ግን አቦ፣ አንዳንዱ ነገር ያሳብዳል።

ሕጉን ልናገርና ልገላገል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያው ማሳወቅና ያገኘውን ባለበት መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ብቻችሁን ስትወጡ የምትሰበስቡት ፎቶና ማስታወሻ ነው። ድንጋይ የሚነሳው ፈቃድ ካለው ቡድን ጋር ስትሠሩ ብቻ ነው። ለቱሪስት መሸጥማ ጨርሶ አይነሳ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ሁሉም ሰው የሚፈልገው የጦር ጫፍ የመሰለውን ባለሦስት ማዕዘን ድንጋይ ነው። ያምራል፣ ፎቶም ይወጣለታል። አጠገቡ ያለው ድብልብል፣ ዙሪያውን በጠባሳ የተሞላ ድንጋይ ግን በእግር ይገፋል። አንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ወደ ገደል ሲወረውር አየሁት። ከጓደኛው ጋር ማን አርቆ ይጥላል እየተባባሉ ነው! ስጮህበት ደንግጦ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የተበላሸ ነው» አለኝ።

አልተበላሸም። የወረወረው እናት ድንጋዩን ነው። ያ የሚያምረው ጫፍ የወጣው ከእንደዚህ ያለ ድንጋይ ነው። ሐረር መኪና ግርግር ሄዳችሁ ከልብስ ሰፊ አጠገብ ተቀመጡ። ያለቀለት ቀሚስ ሰፊው እንዴት እንደቆረጠ አይነግራችሁም፤ መሬት ላይ የቀረው ቁርጥራጭ ነው የሚናገረው። እናት ድንጋዩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጠባሳ አንድ ፍላጭ፣ ማለትም በምት ተፈልጦ የወጣ ስብርባሪ፣ የተነሳበት ቦታ ነው። የትኛው ጠባሳ የትኛውን እንደቆረጠ ካያችሁ፣ የቱ ምት እንደቀደመና የቱ እንደተከተለ ትለያላችሁ። ፍላጮቹ ካልተበተኑ ደግሞ እናት ድንጋዩ ላይ መልሶ መግጠም ይቻላል። ያኔ የድንጋይ ሠሪው እጅ እንዴት እንደሠራ ምት በምት ትከተላላችሁ።

መጠኑም ይናገራል። ድንጋዩ ከቅርብ የሚገኝ ከሆነ ሠሪው ብዙም አይሳሳለትም፤ ገና ትልቅ እያለ ሊጥለው ይችላል። ከሩቅ የመጣውን ግን እስኪያልቅ ይጠቀምበታል። ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የተገኘው ጥቁር ብርጭቆ መሰል ባልጩት ሲመረመር፣ ከፊሉ ከአሰቦትና ከአየሉ አካባቢ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው! ከእንዲህ ያለ ድንጋይ የተረፈች፣ እንደ አውራ ጣት ያነሰች እናት ድንጋይ ስታገኙ «ቆሻሻ» ብላችሁ አትለፏት።

ሁሉንም «ኒዮሊቲክ» ማለትም ሌላው ጣጣ ነው። ኒዮሊቲክ የሚባለው ዘመን ከእርሻና ከከብት እርባታ ጋር የተያያዘ ነው። የፖርክ ኤፒክ ዋና ክምችት ግን 40 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጥራል። ፈረንሳዮቹ ቴያር ደ ሻርደንና ኦንሪ ደ ሞንፍሬድ ዋሻውን እ.ኤ.አ. በ1929 ሲያገኙት፣ በዓለም ላይ ገበሬ የሚባል ሰው ከመኖሩ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የተጣለ ድንጋይ ላይ ነበር የቆሙት። ዘመኑን ካላወቃችሁ «የድንጋይ መሣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ማንም አይስቅባችሁም።

ስለት ያለው ድንጋይ ሁሉ መሣሪያ አይደለም። በተለይ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ለቅማችሁ አታምጡልኝ። ደቻቱ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ የድሬ ሰው ያውቃል። ድንጋይ ከድንጋይ እያጋጨ ጠርዙን ሁሉ ይሸራርፋል። ፍየልም ታሳስታለች፤ መንገዷ ላይ ያለውን ፍላጭ ረግጣ ጠርዙን ስትፈረፍረው ሰው ሆን ብሎ የሳለው ይመስላል። ዋናውን ምልክት ፈልጉ። ምቱ ያረፈበት ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ፣ ከሥሩ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት፣ ከእብጠቱ ጀምሮ እንደ ሞገድ የሚሰፋ መስመር። ከነዚህ አንዱ ብቻ ቢገኝ አትቸኩሉ። ብዙ ፍላጭ አንድ ቦታ ላይ ካለ ግን ልብ በሉ።

ማጠብ! በሽቦ ብሩሽ፣ በሎሚ፣ በኮምጣጤ የሚፈትጉ አሉ። ለምን? ለሠርግ ነው? ፖርክ ኤፒክ ውስጥ ከ4,000 በላይ ለቀለም የሚሆኑ የቀይና የቢጫ አፈር ቁርጥራጮች ተገኝተዋል፤ ክብደታቸው 40 ኪሎ ገደማ ነው። ቀለሙ የተፈጨባቸው ድንጋዮችም ከነቅሪታቸው ተገኝተዋል። እናንተ «ዝገት ነው» ብላችሁ የምትፍቁት ቀይ ነገር ያ ቀለም ቢሆንስ? ነጩ የኖራ ቅርፊትም ቢሆን ሥራ አለው። ደረቅ አገር ላይ ብዙ ጊዜ የሚወፍረው በድንጋዩ ሥር ነው፤ ስለዚህ ድንጋዩ በየትኛው ጎኑ ተኝቶ እንደኖረ ይጠቁማል። ሎሚ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው።

ሰብሮ ውስጡን ማየት፦ በፍጹም።

ፎቶ ስታነሱ አጠገቡ ማስመሪያ፣ ከሌለ የአንድ ብር ሳንቲም አድርጉ። «ትልቅ ነው» ብቻ አይበቃም። ሁለቱንም ገጽ ለማንሳት ድንጋዩን ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ እሱ ፈቃድ ካለው ቡድን ጋር ስትሆኑ ይደረጋል። ለብቻችሁ ስትሆኑ ሳትነኩት እንደተኛ ፎቶ አንሱት። የእኩለ ቀን ፀሐይ ጠባሳውን ሁሉ ያጠፋዋል፤ የጠዋት ወይም የማታ አግድም ብርሃን ይሻላል። ከዚያ ራቅ ብላችሁ ቦታውን ራሱን አንሱ። ብዙዎች ይቺን ይረሳሉ። ድንጋይ በመዳፍ ይዞ የተነሳ ፎቶ ይላክልኛል፤ «ከየት ነው?» ስል «ከተራራው» ይሉኛል። ድሬ አካባቢ ስንት ተራራ አለ እኮ!

ከቡድን ጋር ስትሠሩ ደግሞ ሁሉንም አንድ ፌስታል ውስጥ አትጠቅጥቁ። እርስ በርስ እየተጋጨ አዲስ ጠባሳ ያወጣል። እያንዳንዱ የራሱ ከረጢት፣ ከውስጡም ቦታውና ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ይኑረው።

ራሳችሁ ፈልጣችሁ መሞከር ካማራችሁ ሞክሩ፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተምራል። ግን ጥንታዊ ቦታ ላይ አይሆንም። ግቢያችሁ ውስጥ ሸራ አንጥፉ፣ መነጽር አድርጉ፣ ስትጨርሱ ስብርባሪውን በሙሉ ሰብስባችሁ ጣሉ። የዛሬ ፍላጭ ከጥንቱ ጋር ከተቀላቀለ የሚለየው ባለሙያ ጠፍቶ ይውላል፤ ልጆች በባዶ እግራቸው ከረገጡት ደግሞ ቀጥታ ወደ ክሊኒክ ነው።