ሰኔ የማያቋርጠው የዕለት ሥርዓት

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ማልዶ ሲነሣ የከረመ ሰው ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ተመልሶ ይተኛል። ስንፍና ብቻ አይደለም። በጾም ወራት ደወሉ፣ ቅዳሴው፣ የጎረቤት በር መከፈቱ ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ ጾሙ ሲፈታ ቀስቃሹም አብሮ ይሄዳል። ብዙም ሳይቆይ ሰኔ ከተፍ ይላል፤ ለጎጃም ገበሬ ደግሞ ሰኔ ጭቃ፣ በሬና እርሻ ነው። እንግዲህ የዕለት ሥርዓት ስታወጡ መለኪያችሁ ሰኔ ይሁን። በሰኔ የማትችሉትን በመጋቢት አትጀምሩ።

የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፦ ነግህ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሠለስት 3፣ ቀትር 6፣ ተሰዓት 9፣ ሠርክ 11፣ ንዋም ከምሽቱ 3፣ መንፈቀ ሌሊት 6። ጀማሪ ሰባቱንም ልያዝ ካለ ሳምንት ሳይሞላው ሰባቱንም ይተዋል። ነግህንና ንዋምን አጥብቃችሁ ያዙ፤ በቀሩት ሰዓታት ባላችሁበት አማትባችሁ አንድ አባታችን ሆይ በሉ።

ለጠዋቱ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ወደ ምሥራቅ ዙራችሁ ቁሙ፤ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ አማትቡ። በስመ አብ፣ አባታችን ሆይ፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፤ ቀጥሎ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፤ ከዚያ ከዳዊት አንድ መዝሙር፤ መዝጊያው ኪርያላይሶን 12 ጊዜ። ዳዊት 150 መዝሙር ነው፣ አሥር አሥሩ አንድ ንጉሥ ይባላል። በቀን አንድ ንጉሥ የሚደግሙ አሉ፤ አትቅኑባቸው። በቀን አንድ መዝሙር ያለ በእኛ አቆጣጠር ልክ በአምስት ወሩ ይዘልቀዋል። ስግደት የሚጨምር ቁጥሩን ከንስሐ አባቱ ይቀበል፤ በሰንበትና በበዓለ ሃምሳ ግን ስግደት የለም።

ከመውጣታችሁ በፊት የዛሬን ሥራ፣ የዛሬን ብቻ፣ በእግዚአብሔር ፊት በስሙ ጥሩ፦ «የላዩን ማሳ ልደግም ነው፣ ማዳበሪያ ላመጣ ነው፣ ልጁን ጤና ጣቢያ ልወስድ ነው።» ጌታ «ለነገ አትጨነቁ» ያለው ነገ ሥራ የለም ለማለት አይደለም፤ «ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» ብሎ ነው። ሐሳቡ ከአራት በላይ ከሆነ ግማሹ የነገ ነው፤ ለነገ ይደር።

ስልክ ላይ እያነበቡ መጸለይ አይከለከልም፤ ችግሩ መልእክት ብቅ ሲል ጸሎቱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በቃል መያዝ ይሻላል። በጎጃሞቹ የቅኔ ትምህርት ቤቶች፣ በዋሸራም በዲማም፣ የቆሎ ተማሪው የቃል ትምህርቱን የሚይዘው በጨለማ፣ መጽሐፍ ሳይገልጥ፣ መምህሩ ሲሉ እየተቀበለ ነው። ያንኑ አድርጉ። በመዝሙር 22 ጀምሩ፤ በአንዳንድ ኅትመት 23 ተብሎ ታገኙታላችሁ። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው፦ ሰኞ አንደኛው፣ ማክሰኞ አንደኛውና ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ቅዳሜ ስድስቱም። ስሕተቱ አዲሱን ብቻ ማጥናት ነው፤ በየቀኑ ከመጀመሪያው ካልተነሣችሁ ዓርብ ላይ የሰኞው ይጠፋል።

በቃል የተያዘ ነገር ሥራ ላይም ያገለግላል። እናት ምጣድ ላይ ሊጡን ከዳር ወደ መሐል አዙራ አፍስሳ፣ ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎውን ትደፋበታለች። እስኪበስል እጇ ሥራ ይፈታል፤ ብዙ ጊዜ ወሬ የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ነው። በዚያች መሐል «እግዚኦ ተሣሃለነ» እያለች መቆየት ትችላለች፤ እንጀራውም አያርርባት፣ ጸሎቱም አያመልጣት። የሚያርስ ደግሞ ትልም ላይ ዓይኑን ከፊቱ አያንሣ፤ ዞር ካለ ትልሙ ይጎብጣል፣ ከትልሙ መሐልም ያልታረሰ ይቀራል። «ማንም ዕርፍ በእጁ ይዞ ወደ ኋላ የሚመለከት» የሚለውን የጌታን ቃል የጎጃም ገበሬ ያለ ትርጓሜ ይገባዋል። ለእርሱ ጸሎት የሚመቸው ጊዜ በሬዎቹ ዳር ደርሰው ሲዞሩ ነው።

ረቡዕና ዓርብን ለመጾም ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ እርሻ የሚውል፣ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ ሰዓቱን ከንስሐ አባት ጋር ይነጋገሩ። ምጽዋትን ከገበያ ሲመለሱ ከተረፈው ሳይሆን ገንዘቡ እጅ ሲገባ ወዲያው ለይቶ በሌላ ኪስ ማስቀመጥ ነው። የተረፈ እየጠበቀ የሰጠ ሰው የለም።

ማታ የሚከብደው ቂም ነው። «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ተብሏል፣ በአገራችን ግን ጎረቤታሞች በአንድ ትልም ወሰን ዓመት ይኮራረፋሉ። ሁለቱን ነገር ለዩ። ወሰኑ የሽማግሌ ጉዳይ ነው፤ ሁለት ሦስት ሰው ቆሞ ድንጋዩን ያያል፣ መብትን መተው አይጠበቅባችሁም። ሰላምታው ግን ሽማግሌ አይጠብቅም። ያው ማታ ሄዳችሁ «ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ፤ የመሬቱን ነገር ሽማግሌ ያየዋል» በሉ። ከዚህ በላይ አትጨምሩ፤ «ጥፋቱ የእርስዎ ቢሆንም» የምትል አንዲት ሐረግ ከገባች ይቅርታው ዳግም ጠብ ይሆናል። እምቢ ቢሉ እናንተ የድርሻችሁን አድርጋችኋል፤ ነገ ጠዋት ግን ሰላምታውን አታቋርጡ።

ከመተኛት በፊት ቀኑን ከጠዋት ጀምራችሁ አስቡት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው በጅምላ መናገሩ ነው። «ቁጡ ነኝ» ማለት ለንስሐ አይመችም፤ አባትም ምን እንደሚያዝዙ አያውቁም። «ማክሰኞ ማታ ልጄን ያለ ጥፋቱ መታሁት» የሚለው ይመቻል፤ ሐሙስ ቀንም ልጁን ጠርቶ ማቀፍ ይቻላል። ለአንድ ወር አንድ ጥፋት ብቻ ተከታተሉ፣ ሐሜት ከሆነ ሐሜት፣ አረቄ ከሆነ አረቄ። ሦስት አራቱን አንድ ላይ የያዘ የትኛው እንደቀነሰ አያውቅም።

መቼም ቀን ያመልጣል፤ ለቅሶ ይመጣል፣ ከብት ይታመማል። ያኔ የትናንቱን በዛሬው ላይ አትደርቡ፤ ዕዳው በሦስተኛው ቀን ከብዶ ሁሉንም ያስጥላል። ረቡዕ ከሆነ የረቡዕን ውዳሴ ማርያም ግለጡ፣ የማክሰኞውን እለፉት።