ከመጽሐፉ ርቆ የሚሄድ ስክሪፕት እንዴት ይጻፋል?

ልብ ወለድን ወደ ፊልም ሲቀይሩ ከመጽሐፉ መራቅ ነውር የለውም። ጣጣው የሚመጣው ምኑ እንደማይነካ ሳይወስኑ መቁረጥ ሲጀምሩ ነው። አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ባለ 400 ገጽ መጽሐፍ ከ90 እስከ 120 ገጽ ውስጥ ተጨምቆ ሳይሆን ተመርጦ ነው የሚገባው።

በቅድሚያ ፈቃድ። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመቀየር መብት የደራሲው ነው፤ ጥበቃው ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ውሉ ውስጥ መጨረሻውንና ገጸ ባህርያቱን መለወጥ እንደሚቻል በግልጽ ይጻፍ። ደራሲው መብቱን ቢሸጥም ክብሩን የሚነካ ለውጥ መቃወም ስለሚችል የቃል ስምምነት ላይ አይተማመኑ።

ከዚያ መጽሐፉን አንዴ ያለ እስክሪብቶ ያንብቡ። ይክደኑትና ያስታወሱትን በአንድ ገጽ ያስፍሩ፤ ከእሱም የማይነካውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያውጡ። በሁለተኛው ንባብ እያንዳንዱን ክስተት በካርድ ይጻፉ፤ ከጀርባው «ይህ ቢወጣ ኋላ ምን ይፈርሳል?» ለሚለው መልስ ይስጡ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ጀርባ ነው።

«ዘ ሻይኒንግ»ን ይመልከቱ፤ በበረዶ ወቅት የተዘጋ ሆቴል የሚጠብቁ አባት፣ እናትና ልጅ አስፈሪ ታሪክ ነው። በስቲቨን ኪንግ መጽሐፍ (1977 እ.ኤ.አ.) ሆቴሉን የሚያጠፋው ቦይለሩ (የውሃ ማሞቂያው) ነው፦ ግፊቱ በየጊዜው መቀነስ አለበት፣ አባትየው ይረሳዋል፣ ይፈነዳል። ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 እ.ኤ.አ. ፊልሙ ይህን ሲያስቀር ሌላ መጨረሻ አስፈለገው። በእንስሳት ቅርጽ የተከረከሙትን ቁጥቋጦዎች መውጫው በሚጠፋ የቁጥቋጦ አጥር ተካቸው፤ እናትና ልጅ ገና በጊዜ እየተዝናኑ ገቡበት፤ መጨረሻ ላይ አባትየው እዚያው ጠፍቶ በብርድ ደርቆ ቀረ። በመጽሐፉ የሚተርፈው ምግብ አብሳይም ፊልሙ ላይ ሊረዳቸው ሆቴሉ በደረሰ ብዙም ሳይቆይ በመጥረቢያ ይገደላል፤ ግን የመጣበት የበረዶ ተሽከርካሪ ነው እናትና ልጁን የሚያስመልጣቸው። ሰውዬው ቢሞትም ሥራው አልቀረም። ኪሳራም አለው፦ ከመጠጥ ጋር የሚታገለው አባት ቀስ በቀስ መውደቁ ቀርቶ ከመነሻው ያበደ ይመስላል፤ ኪንግ ያማረረውም በዚህ ነው፣ እውነትም አለው።

የውስጥ ሐሳብን በተራኪ ድምፅ መሙላት የስንፍና መፍትሔ ነው። «ባሏን መጠርጠር ጀመረች» የሚለው፣ ስልኩ ሲጠራ ከእሱ ቀድማ ቁጥሩን የምታይበት ትዕይንት ይሁን። በታሪኩ ውስጥ አንድ ዓይነት ሚና ያላቸውን ሁለት ገጸ ባህርያት ያዋህዱ።

ረቂቁን መጽሐፉን ጨርሶ ላላነበበ ሰው ይስጡ። «ይሄ ለምን ሆነ?» ብሎ የጠየቀበት ገጽ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ መልሱ መጽሐፉ ውስጥ ብቻ ከሆነ ትዕይንቱ እንደገና ይጻፋል።