ኳድ ባይክ (ኤቲቪ) በሕጉና በጥንቃቄ እንዴት ይነዳል?

ኳድ ባይክ ከአስፋልት ውጭ ለመንዳት የተሠራ፣ እንደ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ተሽከርካሪ ነው። አራት ጎማ ስላለው አይገለበጥም ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ጠበብና ከፍ ያለ ስለሆነ በቀላሉ ይገለበጣል። የአዋቂ ኳድ ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ላያችሁ ላይ ከወደቀ ብቻችሁን አታነሱትም።

መጀመሪያ የምትነዱበትን አካባቢ ሕግ ጠይቁ። የመንጃ ፈቃድ፣ የሰሌዳ፣ የኢንሹራንስና የዕድሜ ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በግል መሬት ላይ የተፈቀደው በሕዝብ መንገድ ላይ ሊያስቀጣ ይችላል። መሬቱ የሌላ ሰው ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ለሽያጭ የሚቀርበው ኳድም ሕግ አለው። አውስትራሊያ ውስጥ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አዲስ የሥራ ኳድ ሲገለበጥ ነጂውን ከመጨፍለቅ የሚያድን መከላከያ ሊኖረው ግድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አዲስ ባለ ሦስት ጎማ ኤቲቪ መሸጥ ክልክል ነው።

ቀጥሎ ልካችሁን ምረጡ። ኳዱ ላይ የተለጠፈውን የዕድሜ ማስጠንቀቂያ አንብቡ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የአዋቂ ኤቲቪ እንዳይነዳ ይመክራል። “ያድግበታል” ብሎ ትልቅ መግዛት ለጫማ ያስኬዳል፤ ለኳድ አይሆንም።

ልብሱ ቀላል ነው፦ ለሞተር ሳይክል የተሠራ ሄልሜት፣ መነጽር፣ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት ጫማ።

ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ጎማዎቹ ሳይሞቁ ንፋሳቸውን ለኩ። የኳድ ጎማ የሚፈልገው ንፋስ ከመኪና በጣም ያነሰ ነው፤ ትክክለኛው መጠን መመሪያው ላይ አለ። ግራና ቀኙ ካልተመጣጠነ መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። የነዳጅ መስጫውን በአውራ ጣት ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ወዲያው ካልተመለሰ በዚያ ቀን አትንዱ። ፍሬኑን፣ ዘይቱን፣ ሰንሰለት ካለው ሰንሰለቱን፣ የሞተር ማጥፊያውንም እዩ።

አሁን አስፋልት። ብዙ ሰው አስፋልት ለስላሳ ስለሆነ ይቀላል ይላል። የብዙ ኳዶች የኋላ ጎማዎች ግን በአንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን በሚያገናኝ ዘንግ) ተያይዘው እኩል ይዞራሉ። ኩርባ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጡ የበለጠ መንገድ መሄድ አለበት። አፈር ላይ አንዱ ትንሽ ይንሸራተትና ይስተካከላል። አስፋልት ግን ጎማውን አጥብቆ ይይዛል፤ ኳዱ መታጠፍ እምቢ ይልና ድንገት ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ሕጉ ቢፈቅድ እንኳ አስፋልቱን ለመሻገር ብቻ ተጠቀሙበት። ቁሙ፣ ግራ ቀኝ እዩ፣ ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ።

መቀመጫው ረጅም ነው ብላችሁም ሰው አትጫኑ፤ ለሁለት ሰው ተብሎ ከተሠራ ብቻ ይቻላል። ርዝመቱ ነጂው ክብደቱን ወደፊትና ወደኋላ እንዲያዛውር ነው። ከኋላ ሰው ካለ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ በተለይ ዳገት ላይ።

ዳገት ስትወጡ ወደፊት አዘንብሉ። ስትወርዱ ወደኋላ ሸሸት በሉ፣ ማርሹንም ዝቅ አድርጉ። ዳገቱ መሃል ሞተሩ ቢጠፋ ኳዱ ወደኋላ እንዳይንሸራተት ፍሬን ያዙ፣ የማቆሚያ ፍሬኑን አጥብቁ፣ በጎን በኩል ውረዱ። ኳዱ ዳገቱ ላይ ወደ ጎን ከዞረ ደግሞ ሁልጊዜ በዳገቱ ላይኛው ወገን ውረዱ። መንሸራተት ከጀመረ ልቀቁት፤ ለመያዝ አትታገሉ።