የፐርሴፖሊስን አበባ በአምቦ ድንጋይ ላይ መቅረጽ

ለገጣፎ ዳር ድንጋይ እጠርባለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው የአጥር ድንጋይና የመቃብር ሐውልት ነው። አልፎ አልፎ ግን ለበሩ ጌጥ የሚፈልግ ደንበኛ ይመጣል። ያኔ የጥንት ፋርሶችን አበባ እቀርጽለታለሁ።

አበባው ያለው ኢራን ውስጥ፣ ሺራዝ አጠገብ፣ ፐርሴፖሊስ ነው። ቀዳማዊ ዳርዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ518 ገደማ ማስገንባት የጀመረው ከተማ ነው። የግድግዳው ቅርጽ ዳር ዳሩን ባለ 12 ቅጠል አበባ ተደርድሮበታል። አፓዳና በሚባለው አዳራሽ ደረጃ ላይ የኩሽ ሰዎችም የዝሆን ጥርስ ይዘው ተሰልፈዋል። ልጆቹን "እኛም እዚያ አለንበት" እያልኩ አሾፍባቸዋለሁ።

የፐርሴፖሊስ ጠራቢዎች የቀረጹት ግራጫ የኖራ ድንጋይ ላይ ነው። ለጀማሪ የአምቦ ድንጋይ ይሻላል፤ ጥቁር ድንጋይ ክንድ ይጨርሳል። ከመግዛታችሁ በፊት በመዶሻ ነካ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው። ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ተሰንጥቋል፤ ሻጩ ቢምል ቢገዘትም አትውሰዱት። 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ፊቱ የተስተካከለ ይበቃል።

በኮምፓስ 10 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ሥሩ። ኮምፓሱን ሳታሰፉ ሳታጠቡ ክቡ ላይ እያዞራችሁ ምልክት አድርጉ፤ ልክ 6 ነጥብ ይወጣል። በየመሃላቸው አንድ አንድ ስትጨምሩ 12 ሆነ። ከነጥቦቹ ወደ መሃል መስመር ሳቡ። መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ አስቀምጡ፣ የቅጠሎቹን ጫፍ በእጃችሁ አክብቡት።

አሁን ዋናው ነገር። ጀማሪ ሁሉ አበባውን ይቆፍራል። አበባው አይነካም፤ ዝቅ የሚለው ዙሪያው ነው። ከመስመሩ ትንሽ ራቅ ብላችሁ፣ ሹል መሮውን አዘንብላችሁ፣ ዙሪያውን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል አውርዱ። ከድንጋዩ ጠርዝ ወደ ውስጥ ምቱ። ወደ ውጭ ከመታችሁ ጠርዙ ይረግፋል። ቀጥሎ ጥርስ ያለው መሮ፣ መጨረሻ ላይ ጠፍጣፋው። ፐርሴፖሊስ ውስጥ ሳያልቅ የቀረ በር አለ፤ የጠራቢዎቹ አሠራር ደረጃ በደረጃ የሚታየው እሱ ላይ ነው። ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት፣ ከኔ ወሬ ይበልጣል።

ዙሪያው ከወረደ በኋላ በቅጠሎቹ መካከል ቀጭን ቦይ አውጡ፣ ትከሻቸውን አለዝቡ። ይህን ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ሥሩት። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ጉድለቱ ሁሉ ይጋለጣል፤ የቀትር ፀሐይ ይደብቀዋል።

ግራይንደር ለመቁረጥ ነው፤ ለአበባው አታምጡት። አቧራው ሳንባ ይበላል። ድንጋዩን አርጥቡ፣ ማስክና መነጽር አድርጉ። ማለስለሻው ብርጭቆ ወረቀትና ውኃ ነው።

ድንጋይ ቀለም መቀባት ነውር ነው የሚሉ አሉ። የፐርሴፖሊስ ቅርጾችም ቀለም ነበራቸው፤ ዘመን አራገፈው እንጂ። ደንበኛው ሰማያዊ ካለ ሰማያዊ ቀቡለት። የቀለሙን ሒሳብ ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።